ያገረሸው ህመም የት ነበር?

ለመዝናናት በሚዋኝ ሰው ትከሻ ወይም ጉልበት ላይ የሚወጣ የመገጣጠሚያ ህመም ከሌሎች ህመሞች የሚለየው በመመላለሱ ነው። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ህመሙ መቼ እንደ ጀመረና ምን እንዳመጣው ያውቃል፤ ሲድንም መዳኑን ያውቃል። የዋናተኛው ትከሻ እንዲህ ያለ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ታሪክ የለውም። አንድ ሳምንት ያመዋል፣ ሁለት ሳምንት ይተወዋል፤ ተረሳ ሲባል እንደገና እዚያው ቦታ ላይ፣ ክንዱ ከውኃው በሚነሳበት በዚያው ቅጽበት ይወጋዋል። ከሕክምናው ጥያቄ በፊት አንድ የሐሳብ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሳል። ህመሙ «ተመለሰ» ሲባል በመካከሉ የት ነበር? ሄዶ ከነበረ ያንኑ ቦታ ሳይስት እንዴት አገኘው? ካልሄደስ ያልታመመባቸው ሁለት ሳምንታት ጤና ይባላሉ ወይስ ሌላ ስም ይፈለግላቸዋል?

አማርኛ ለዚህ ነገር ሦስት ግሶች አሉት። በዕለት ንግግር አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል፤ ቀረብ ብሎ ለሚያያቸው ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን እምነት ተሸክመዋል። «ህመሙ ተመለሰ» የሚል ሰው ህመምን እንደ መንገደኛ ያየዋል፤ ቤቱ ሌላ ቦታ ነው፣ ወደ ትከሻው የሚመጣው በእንግድነት ነው። «ህመሙ ተነሳበት» የሚል ሰው ህመሙን እንደ ተኛ አውሬ ያየዋል፤ ጎሬው እዚያው መገጣጠሚያው ውስጥ ነው፣ የነካካው ዕለት ይነቃል። ሦስተኛው «አገረሸ» ነው። ይህ ቃል ለበሽታ እንደሚነገረው ሁሉ ለጠብም ይነገራል፤ የበረደ ግጭት እንደገና ሲፈነዳ አገረሸ ይባላል። ያገረሸ ጠብ በጸጥታው ዘመን የት እንደ ነበር የሚጠይቅ የለም፤ ጠብ በሁለት ወገኖች መካከል እንጂ በአንዳቸው ቤት አይኖርምና። ከሦስቱ ግሶች አንዱን መምረጥ የቋንቋ ጣዕም ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ነገር ግን እንግዳ ይሸኛል፣ አውሬ እንዳይነቃ ይተዋል፣ ጠብ ደግሞ ይታረቃል። ዋናተኛው ሳያስበው የመረጠው ግስ በሚቀጥለው ቀን የሚያደርገውን ይወስንለታል።

ህመምን የሚናገረው የአማርኛ ዐረፍተ ነገር አሠራርም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። «ትከሻዬን አመመኝ» ሲባል ትከሻው ተሳቢ ነው፤ ታማሚውም ተሳቢ ነው። ባለቤቱ ብቻ ስም የለውም። ግሱ በሦስተኛ መደብ ቆሞ «እሱ» የሚባል አንድ አድራጊ እንዳለ ይጠቁማል፤ እሱ ማን እንደሆነ ግን ተናጋሪውም አይነግር፣ አድማጩም አይጠይቅ። በዚህ ባዶ ወንበር ላይ በየዘመኑ ብዙ ተቀማጭ ተቀምጧል። «ብርድ መታው» ይባላል፣ «ሪህ ነው» ይባላል፣ «ዕድሜ ነው» ይባላል፤ ስሙ ያልታወቀ ከሆነ ደግሞ ቁርጥማት ተብሎ የስሜቱ መልክ ራሱ ለምክንያቱ ስም ይሆናል። የዘመኑ ዋናተኛ በወንበሩ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚያስቀምጠው መገጣጠሚያውን ራሱን ነው፤ «ትከሻዬ ተበላሸ» ይላል። ተሳቢ የነበረው በአንድ ጊዜ ባለቤት ይሆናል፤ የታመመው ጥፋተኛ ይሆናል።

የመገጣጠሚያው ተፈጥሮ ለዚህ ፍርድ አይመችም። አጥንት ከአጥንት በሚገናኝበት ቦታ ሁለቱን ጫፎች የሚያለብሰው ለስላሳ ሽፋን፣ ካርቲሌጅ የሚባለው፣ ነርቭም የደም ሥርም የለውም። በዕድሜና በጫና የሚሳሳው እሱ ነው፤ ሲሳሳ ግን ራሱ አይሰማውም። ህመሙን የሚናገሩት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ከሥሩ ያለው አጥንት፣ መገጣጠሚያውን የከበበው ከረጢት፣ ጅማቱ፣ ጡንቻው። ሽፋኑ ምግቡንም የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ደግሞ የሚገባለትና የሚወጣለት ክብደት ሲያርፍበትና ሲነሳለት፣ እንደ ስፖንጅ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ነው። እንግዲህ ይህ ሽፋን ሥራ ሲያጣ የሚራብ፣ ሥራ ሲበዛበት የሚያልቅ ነገር ነው። ለእሱ ፍጹም ዕረፍት የሚባል ደኅንነት የለም፤ ያለው በሁለት ጉዳቶች መካከል የሚገኝ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ መተላለፊያውም በየዕድሜው ቦታውን ይቀይራል።

መገጣጠሚያ የሚለው ቃል የተወለደው ከ«ገጠመ» ነው። ከዚያው ሥር ግጥም ይወጣል፣ ግጥሚያ ይወጣል፣ ገጠመኝም ይወጣል። ክዳን ከድስቱ ጋር ሲገጥም ይስማማል፤ ቡድን ከቡድን ጋር ሲገጥም ይፋለማል። መስማማትና መፋለም በአንድ ግስ ውስጥ አብረው ማደራቸው ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ለትከሻ ይስማማል። የክንድ አጥንት ራስ ትልቅና ክብ ነው፤ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ግን ትንሽና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ አብዛኛው የአጥንቱ ራስ ከጎድጓዳው ውጭ ይቀራል። ትከሻ ከሰውነት መገጣጠሚያዎች ሁሉ በላይ በብዙ አቅጣጫ መዞር የቻለው በዚህ ልልነት ነው። የልልነቱን ዋጋ የሚከፍሉት ዙሪያውን ያሉት አራት ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው፤ በእያንዳንዱ ቀዘፋ የአጥንቱን ራስ በቦታው የሚያቆዩት እነሱ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የሚያልፈው በትከሻ አጥንት ጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ኬኔዲና ሃውኪንስ የተባሉ ሁለት የካናዳ ሐኪሞች «የዋናተኛ ትከሻ» የሚል ስም ያወጡለት ህመም መነሻው ያ ጅማት በዚያች ክፍተት ውስጥ መቆንጠጡ እንደሆነ ታስቦ ነበር። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ነገሩን አስፍተውታል፤ መቆንጠጡ ብቻውን አይበቃም፣ ጅማቱ ከሚችለው በላይ ደጋግሞ መሥራቱም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ከአንድ ቦታ ጉዳት ወደ ድግግሞሽ የተደረገው ይህ የሐሳብ ሽግግር «ተነሳበት» ከሚለው ግስ ወደ «አገረሸ» የሚወስድ እርምጃ ነው።

ድግግሞሹ ምን ያህል እንደሆነ ሲቆጠር ያስደነግጣል። በነጻ ቀዘፋ የሚዋኝ ሰው እያንዳንዱ ክንድ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር 2 ሜትር ያህል ቢሄድ፣ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ አንዱ ትከሻ 500 ጊዜ ይዞራል። በሳምንት ሦስት ቀን ለሚዋኝ ይህ 1,500 ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ካላቋረጠ 78,000። ከእነዚህ መካከል ትከሻውን የጎዳው ቀዘፋ የትኛው ነው? የመጀመሪያው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ሺህኛውም አይደለም፤ ከ999ኛው የሚለየው ነገር የለምና። እንዲህ እየተባለ ወደ ፊት ቢኬድ ጥፋተኛ የሚሆን ቀዘፋ አይገኝም፤ ትከሻው ግን ታሟል። የጥንት ግሪኮች ስለ አሸዋ ክምር ያነሱት እንቆቅልሽ ይኸው ነው፤ አንድ ፍሬ ክምር አያደርግም፣ በአንድ ፍሬ መጨመርም ክምር ያልሆነው ክምር አይሆንም፣ ክምሩ ግን በዓይን ይታያል። እንቆቅልሹ የሚላላው ቀዘፋዎቹን ብቻ መቁጠር ሲቀርና በመካከላቸው ያለው ጊዜም ሲቆጠር ነው። ጅማት በሥራ ይደክማል፣ በዕረፍት ይጠገናል፤ ጥገናው ደግሞ ዝግተኛ ነው፣ ከጡንቻም ይዘገያል። አንድ ሰው ከረጅም ጊዜ በኋላ ወደ ገንዳ ሲመለስ ጡንቻውና ትንፋሹ በጥቂት ሳምንታት ይበረታሉ፤ ጅማቱ ገና ወደ ኋላ ቀርቷል። ጉዳቱ ያለው በዚህ የጊዜ ልዩነት ውስጥ ነው። በሩጫው ላይ አንዱ ባልደረባ ሌላውን ጥሎት ሄዷል።

ይህ ሁሉ በጋሞ ዞን የራሱ መልክ አለው። አርባ ምንጭ ስሟን የወሰደችው ከተማይቱ ከተቀመጠችበት ተዳፋት ሥር፣ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ደን ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው፤ ከፊቷ የአባያና የጫሞ ሐይቆች ተዘርግተዋል። በዚህ ሁሉ ውኃ መካከል ለመዝናናት የሚዋኝ ሰው የሚዋኘው ግን በገንዳ ነው። ጫሞ ዳር «የአዞ ገበያ» የሚባል ስፍራ መኖሩ ምክንያቱን ይነግራል። የሆቴል ገንዳ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ ዋናተኛው ጥቂት ቀዝፎ ግድግዳ ይነካል፣ ዞሮ ያንኑ መንገድ ይመለሳል። ነፋስ የለም፣ ማዕበል የለም፣ ክንዱን ለአንድ አፍታ በሌላ አኳኋን እንዲያነሳ የሚያስገድደው ነገር የለም። ድግግሞሽ ከገንዳ የበለጠ ንጹሕ ሆኖ የሚገኝበት ቦታ ጥቂት ነው። በዚሁ ዞን ካሉት ከካምባ ተራሮች የሚወርድ ሰው ደግሞ ወደ ገንዳው የሚያመጣው ጉልበት ቀድሞ የተማረ ጉልበት ነው። ዳገት ትንፋሽን ይፈትናል፣ ቁልቁለት ጉልበትን ይፈትናል፤ ሰውነት በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ታች ሲወድቅ የሚይዘው ጉልበት ነው። እንዲህ ያለ ሰው የደረት ቀዘፋ ሲለምድ፣ እግሩን እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን ወርውሮ በሚገጥምበት ጊዜ የጉልበቱ የውስጥ ጎን ጅማት ይወጠራል። ገደል ወጥቶ ወርዶ ያልታመመ ጉልበት ክብደት በሌለበት ውኃ ውስጥ ሲታመም ሰውየው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ግራ መጋባቱን የሚያመጣው ውኃ ሁለት ተፈጥሮ ያለው መሆኑ ነው። እስከ አንገቱ ውኃ ውስጥ የቆመ ሰው እግሩ ላይ የሚያርፈው ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው፤ እስከ ወገቡ የገባ ደግሞ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ወደ ውኃ የሚመከሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ምክሩም ትክክል ነው። ነገር ግን ውኃ ከአየር ስምንት መቶ ጊዜ ያህል የጠነከረ እፍጋት አለው። ክንድ የሚገፋው ይህንን ነው፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር የውኃው ተቃውሞ በአራት እጥፍ ያድጋል። ውኃ ከጉልበት ላይ ያነሳውን ሸክም በከፊል ለትከሻ ያሸክመዋል ማለት ነው። በየብስ ላይ እግር ሰውነትን ይሸከማል፣ ክንድም ነጻ ነው፤ በውኃ ውስጥ ግን ክንድ ሰውነትን ይጎትታል፣ እግርም ያርፋል። መድኃኒቱና ምክንያቱ በአንድ ገንዳ ውስጥ ሲገኙ «ዋና ለመገጣጠሚያ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ይፈርሳል። ለየትኛው መገጣጠሚያ፣ በየትኛው ቀዘፋ፣ በምን ያህል ፍጥነት የሚሉ ጥያቄዎች በቦታው ይተካሉ።

ለቁርጥማት ወደ ውኃ መሄድ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ በወደዱት ፍል ውኃ አጠገብ ነው፤ ሶደሬ ላይ ዋናተኛና ታማሚ አንዱን የምድር ሙቀት ይጋራሉ፤ የካምባ ጎረቤት በሆነው በማዜ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥም ሕዝቡ ለፈውስ የሚሄድበት የቢልቦ ፍል ውኃ አለ። ሙቀት የተጨበጠ ጡንቻን ያላላል፣ የደም ዝውውርን ይጨምራል፣ ህመምን ለጊዜው ያስታግሳል። «ብርድ ነው» የሚለው የሕዝብ ማብራሪያ ምክንያቱን ባያገኘውም መፍትሔውን ከፊሉን አግኝቶታል። በፍል ውኃ ውስጥ ደግሞ ገንዳ የማይሰጠው ሌላ ነገር አለ። በፍል ውኃ የተቀመጠ ሰው ምንም አይሠራም፣ አይቆጥርም፣ ግድግዳ ነክቶ አይመለስም። ያገኘው እፎይታ ከሙቀቱ ይሁን ከመቀመጡ ለመለየት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ መዝለል ተገቢ አይሆንም። ጉልበቱና ትከሻው በሥራ የሚያልቅ ሰው በሞላበት አገር፣ ለመዝናናት የሚዋኝ ሰው ህመም ምን ያህል መነገር ይገባዋል? የዶርዜ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ሲረግጥ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውር የሚውለው ቀኑን ሙሉ ነው። በደጋው እንሰት የምትፍቅ እናት ከግንዱ የተላጠውን በእግሯ ደግፋ ይዛ በሁለት እጇ ከላይ ወደ ታች ስትጭን፣ ትከሻዋ የሚሸከመው ከየትኛውም ዋናተኛ ትከሻ አያንስም። ለእነዚህ ሰዎች «ዕረፍት አድርጉ» ማለት «አትብሉ» ከማለት ብዙ አይርቅም። ዋናተኛው ግን ማቆም ይችላል። ስለዚህም ህመሙ ቀላል ነው የሚባለው ክርክር ብርቱ ነው፤ በፍትሕ ሚዛን ቢመዘን ያሸንፋል። ህመሙን ለመረዳት ሲሆን ግን ይኸው ማቆም መቻል ሌላ ነገር ይገልጣል። ሸማኔው ህመሙን ተሸክሞ የሚሠራው ሌላ ምርጫ ስለሌለው ነው፤ እናቲቱም እንደዚሁ። ዋናተኛው በየማለዳው ሊመርጥ ይገደዳል፤ ህመሙም በየማለዳው ጥያቄ ሆኖ ይቀርብለታል። ዛሬ ልግባ ወይስ ልቅር? ይህ ህመም የሚጠነክረው ሥጋን በመውጋት ሳይሆን ፈቃድን በመጠየቅ ነው። ደስታን ከምንጩ ላይ ስለሚይዘው ደግሞ፣ ደስታው ምን ያህል ውድ እንደ ነበር የሚታወቀው ያኔ ነው።

ምርጫው ለታላላቆችም ቀላል ሆኖ አያውቅም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 በኒው ዮርክ ማራቶን ጉልበቱን አሞት ውድድሩን አቋረጠ፤ እዚያው ላይ ሩጫ ማቆሙን በእንባ ተናገረ፤ ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረና ወደ ሩጫ ተመለሰ። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ጉልበቱ አዲስ ጉልበት አልሆነም። የተቀየረው ህመሙ የተነበበበት መንገድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ህመሙ «አበቃ» የሚል ፍርድ ሆኖ ተሰማ፤ ቆይቶ ግን ሊታከምና ሊታለፍ የሚችል ችግር ሆነ። የሁለቱ ንባቦች መነሻ አንድ ጉልበት መሆኑ፣ ህመም ከጉዳቱ በላይ የሆነ ነገር እንዳለው ያሳያል።

ሳይንሱም ቀስ በቀስ ወደዚህ ደርሷል። ለብዙ ዘመን ህመም ከተጎዳው ቦታ ተነስቶ ወደ አንጎል የሚሮጥ መልእክተኛ ሆኖ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ሜልዛክና ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች መልእክቱ በህብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር በሚከፈትና በሚዘጋ ነገር እንደሚያልፍ፣ በሩንም አንጎል ራሱ ከላይ ሆኖ እንደሚቆጣጠረው አስረዱ። የዓለም አቀፉ የህመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1979 አውጥቶ በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜም ህመም የስሜት ሕዋስና የልብ ስሜት በአንድነት የሚገኙበት ተሞክሮ ነው፤ ከጉዳት ጋር ሊያያዝ ወይም ያንን ብቻ ሊመስል ይችላል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ አንድ ጥናት ትከሻቸውን የማያማቸው 96 ሰዎች በኤም.አር.አይ. ሲታዩ ከሦስት አንድ ያህሉ፣ ከስልሳ ዓመት በላይ ከሆኑት ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ የተቀደደ የትከሻ ጅማት ተገኝቶባቸዋል። ቀዳዳው አለ፤ ህመሙ የለም። ጎሬ ውስጥ የተኛ አውሬ ነው የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ አውሬው ኖሮ ዕድሜ ልኩን ላይነቃ ይችላልና። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ነው የሚለውም አይቆምም፤ ህመሙ ቦታውን አይስትምና። የሚቀረው ሦስተኛው ግስ ነው። የሚጠየቀው ሥራና የሚችለው አቅም እስከ ተስማሙ ድረስ የተቀደደ ጅማት እንኳ ዝም ይላል፤ ሁለቱ ሲጣሉ ጤነኛ የሚመስል ጅማት ይጮኻል። በመካከሉ ያሉት ጸጥ ያሉ ሁለት ሳምንታት ጠያቂው ዝም ያለባቸው ቀናት ናቸው፤ አቅሙ ግን ባለበት ቆሟል፣ ወይም ይባስ ብሎ ቀንሷል።

ዕረፍት ብቻውን የማያድነው ለዚህ ነው። ያረፈ ሰው ጠቡን ያበርደዋል፤ ወደ ገንዳ ተመልሶ ያንኑ 1 ኪሎ ሜትር በዚያው ፍጥነት ሲዋኝ ግን አሮጌውን ጥያቄ ከአቅሙ በወረደ ትከሻ ላይ ያቀርባል። ህመሙ ማገርሸቱ አይቀርም። የህመም ማስታገሻም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ ጩኸቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ጠቡን አይነካም፤ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሲደጋገሙ ደግሞ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። እርቅ የሚጠይቀው ከሁለቱም ወገን ነው። በሥራው በኩል ርቀቱን ማሳጠር፣ ፍጥነቱን ማብረድ፣ ቀዘፋዎችን ማቀያየር አለ፤ እጅ ወደ ውኃ ሲገባ አውራ ጣት እንዳይቀድም፣ ክንዱም የራስን መሐል መስመር አቋርጦ እንዳይሄድ፣ ደረት ከክንዱ ጋር አብሮ እንዲዞር፣ ትንፋሽ በአንድ ጎን ብቻ እንዳይሆን መጠንቀቅ አለ። በአቅሙ በኩል በየብስ ላይ ትከሻን በላስቲክ ወይም በቀላል ክብደት ማጠንከር አለ፤ ከሁሉ የሚታክተው ይኸኛው ነው፤ ውጤቱ የሚታየው በሳምንታት ሳይሆን በወራት ነውና። ለመዝናናት የመጣ ሰው ይህንን ሥራ ሲያየው መዝናናቱ ያለቀ ይመስለዋል። ቅሬታው እውነት አለው፤ ነገር ግን ክንዱን ሳይፈራ ማንሳት የሚችለው ከዚህ ሥራ በኋላ ነው።

ተመላላሽ ህመም ከሌላው ጉዳት እንደሚለይ የወጌሻ ሥራ ጥሩ ምስክር ነው። በመንደር ወጌሻ የተሰበረ የሚጠግን፣ የወለቀ የሚመልስ፣ ወለምታ የሚያሽ ሰው ነው፤ በስታዲየም ደግሞ ለወደቀ ተጫዋች ሳጥኑን ይዞ የሚሮጠው እሱ ነው። ሁለቱም የሚያክሙት የታወቀ ቀን ያለውን ጉዳት ነው። ለተመላላሽ ህመም ግን የወለቀ ነገር በሌለበት ትከሻውን መጎተት ጉዳት ሊጨምር ይችላል። ከዚህም ሌላ ሁሉንም ነገር በድግግሞሽ መተርጎም የራሱ አደጋ አለው። በድንገት ያበጠ፣ የጋለና የቀላ መገጣጠሚያ፣ በተለይ ከትኩሳት ጋር ሲሆን፣ ሳይዘገይ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬድ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ መተሳሰር፣ በሁለቱም እጆች ትናንሽ አንጓዎች ላይ የሚታይ እብጠት፣ ክንድን ጨርሶ ማንሳት አለመቻልም ከገንዳው ጋር የማይያያዝ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሐሳብ ምርመራን አይተካም፤ የሐሳብ ሥራ የሚጀምረው ምርመራው እነዚህ አለመሆናቸውን ካረጋገጠ በኋላ ነው።

በአማርኛ ጉልበት የአካል ክፍልም ነው፣ ኃይልም ነው። የቃሉ ሁለት ትርጉሞች የተጣሉ የሚመስሉት ሰው ጉልበቱን ሲያመው ነው፤ ጉልበቱ ባለበት ቦታ ጉልበት ያጣል። በጋሞ ግን ሁለቱ ትርጉሞች ባልተጠበቀ መንገድ ሲገናኙ ታይተዋል። በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸውን ሰምተው በቁጣ የወጡ ወጣቶችን አርባ ምንጭ ላይ ያቆሟቸው እርጥብ ሳር ይዘው የተንበረከኩ የጋሞ አባቶች ናቸው። ጠብ ዱቡሻ በሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ተቀምጦ ሲፈታ በኖረበት አገር መንበርከክ ምን ማለት እንደሆነ ወጣቶቹ ያውቁ ነበር። የአባቶቹ ኃይል ያለው ጉልበታቸውን በማጠፋቸው ውስጥ ነበር። የመገጣጠሚያ ሥራም ማጠፍ ነው። ትልቁን ነገር ከትንሹ ጋር ማስተካከል አይገባም፤ የአንድ ዋናተኛ ህመም ከአንድ ሕዝብ ሐዘን ጋር አይወዳደርም። የሚወሰደው የቃሉ ትምህርት ብቻ ነው፤ ጉልበት ማለት አለመታጠፍ ነው ብሎ የጀመረ ሰው የራሱን ጉልበት በትክክል አልተረዳውም።

የመጨረሻው ጥያቄ የስም ጥያቄ ነው። ትከሻው ደጋግሞ ያገረሸበት ሰው መጀመሪያ ርቀቱን ያሳጥራል፣ ቀጥሎ ነጻ ቀዘፋን ትቶ በጀርባው ይዋኛል፣ አንዳንዱም በዕድሜው ጫፍ በደረቱ ልክ ውኃ ውስጥ መራመድ ብቻ ይቀረዋል። ይህ ሰው አሁንም ዋናተኛ ነው? ዋና ማለት ርቀትና ፍጥነት ከሆነ አይደለም፤ የሚቆጠር ነገር የለውም። ዋና ማለት ሰውነትን በውኃ አሳምኖ መሸከም ከሆነ ግን ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ በእግሩ ይዞ፣ ክንዱን ከውኃው በታች ወዲያና ወዲህ እያደረገ ገንዳውን የሚያቋርጠው ሰው ሥራውን አልተወም። በመካከሉ ቆሞ ትከሻውን ከውኃው ሥር ቀስ አድርጎ ያዞረዋል፤ ህመሙ የሚጀምርበትን ቦታ ያውቀዋል፤ ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ክንዱን ይመልሳል።